«የት ነሽ?» ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ካርታ ከየት መጣ

ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 2020፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ እኔ ወጥ ቤት ሰሃን እያጠብኩ ነበር። የምሠራበት ቤት ከወደቡ ራቅ ይላል። መስታወቱ ሁሉ ረገፈ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጓደኛዬ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እሷ የምትሠራው አሽራፊዬ ነው። የዚያን ቀን ማዳሟ ወደ ተራራው ሄዳለች፣ በሩም ከውጭ ተቆልፏል። እጇን መስታወት ቆርጧት ደሙ አልቆም ብሏል። «ሰው ላኪልኝ» ትላለች።

«የት ነሽ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «አራተኛ ፎቅ ነው፤ ነጭ ሕንፃ ነው፤ ታች ፋርማሲ አለ» አለችኝ።

ማዳሜ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በአረብኛ ጠየቀቻት። የመንገዱ ስም ማን ነው? ሕንፃው የማን ይባላል? አታውቅም። አንድ ዓመት ከስምንት ወር የኖረችበት ቤት ነው እኮ! ግን ከቆሻሻ መጣያው አልፋ ሄዳ አታውቅም፤ ከኤርፖርት ያመጣትም መኪና ነው። ሎኬሽን ላኪ እንዳንላት እሷ መላክ አታውቅም፣ ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ጓደኛዬን ያተረፋት ጩኸቷ ነው። ከበረንዳ ስትጮህ የሕንፃው ናጡር ሰምቶ ከሁለት ጎረምሶች ጋር በሩን ሰብሮ አወጣት። በኋላ እንደነገረችኝ የፋርማሲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ወድቆ ከፍርስራሹ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ሰው ልኬላት ቢሆን እንኳን «ፋርማሲ ያለበት ነጭ ሕንፃ» ብሎ የሚያገኘው አልነበረም።

ይህን የማነሳው የቆየ ቁስል ለመነካካት ብዬ አይደለም። በ2024 ጦርነቱ ሲበረታ በእሁድ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህት ስልካችን ላይ የሊባኖስን ካርታ እንድናወርድ አሳየችን። አወረድኩት። ማታ ክፍሌ ገብቼ ዋይፋዩን ዘጋሁት፣ ዳታም የለኝም፣ ካርታውን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። መንገዶቹ አሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ዳቦ ቤቱ አለ። መስኮቱን ስከፍት ደግሞ ሰማያዊ ነጥብ መጥታ እኛ ሕንፃ ላይ ቁጭ አለች። ደነገጥኩ። ካርድ ሳይኖረኝ የት እንዳለሁ ማን ነገረው? የዳቦ ቤቱን ስምስ ማን ጻፈው? ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በዚህ ነገር ላይ ሳነብ ቆየሁ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ስለሆነ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አለ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነጥቧ። ጂፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ ጦር ያሠራው የሳተላይት መረብ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ የመጀመሪያው የተመጠቀው በ1978 ነው። በ1983 አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ የሶቭየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ ገባና ተመትቶ 269 ሰው አለቀ። ያን ጊዜ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን መረቡ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም በነፃ እንደሚከፈት አስታወቁ። ቢሆንም ሠራዊቱ ለሌላው ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ነጥቧ መቶ ሜትር ያህል ልትስት ትችላለች። ማዛባቱ የቆመው በሜይ 2000 ነው። ስልካችን የሚሠራው ከዚያ ወዲህ በተገኘው ጥራት ነው።

ለእኛ ዋናው ነገር ስልኩ ወደ ሳተላይቱ ምንም አለመላኩ ነው። የሚያደርገው መስማት ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ሬዲዮ። ሬዲዮ ስትከፍቺ ጣቢያው አንቺ መክፈትሽን አያውቅም፣ ካርድም አይቆርጥብሽም። ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ይሰማል። ኔትወርክ ከሌለ ቦታውን ለማግኘት ትንሽ ይዘገያል፣ ጣሪያ ሥር ሆኖም ይቸገራል፤ መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ መውጣት ይፈልጋል።

ነጥቧ ግን ብቻዋን ምን ትረባለች? ባዶ ወረቀት ላይ ያለች ነጥብ የት እንደሆነች አይታወቅም። ከሥሯ ካርታ መኖር አለበት፤ ካርታውም አስቀድሞ ስልኩ ውስጥ የገባ መሆን አለበት። የታሪኩ ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነው ያለው።

በ2004 ለንደን ውስጥ ስቲቭ ኮስት የሚባል ተማሪ ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን ካርታ ጀመረ። ያኔ የእንግሊዝ ካርታ የመንግሥት ነበር፣ ውድ ነበር፣ ያለ ፈቃድም አይቀዳም ነበር። ስለዚህ እሱና መሰሎቹ ጂፒኤስ ይዘው በእግርና በብስክሌት እየዞሩ፣ የሄዱበትን መስመር እየመዘገቡ፣ የመንገዱን ስም እየጻፉ የራሳቸውን ካርታ ሠሩ። ማንም ሰው ይጨምርበታል፣ ማንም ሰው ያስተካክለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ማንም ሰው ሙሉውን ገልብጦ ይወስደዋል። ሌሎቹን ታዋቂ ካርታዎች ያኔ ማየት ይቻላል እንጂ መውሰድ አይቻልም ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል። ሄይቲ ላይ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ጃንዋሪ 12 ቀን 2010፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ላይ ሄይቲን 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ዋና ከተማዋ ፖርቶፕሬንስ ፈራረሰች። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቤተ መንግሥቱ ወደቀ፣ የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ዋና መሥሪያ ቤት ወደቀ፣ የአገሪቱ የካርታ መሥሪያ ቤትም ሕንፃው ወደቀ። ከየአገሩ ነፍስ አድን ቡድኖች ደረሱ፤ በእጃቸው ግን የከተማዋ ካርታ የለም ማለት ይቻላል። በኦፕንስትሪትማፕ ላይም ቢሆን ያን ቀን ፖርቶፕሬንስ ጥቂት ዋና ዋና መስመሮች ብቻ ነበረች።

የሳተላይት ድርጅቶች በቀናት ውስጥ አዲስ ያነሱትን ፎቶ በነፃ ለቀቁ። ከዚያ በየአገሩ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ፎቶውን እያዩ መንገድ በመንገድ፣ የወደቀ ሕንፃ በወደቀ ሕንፃ፣ ድንኳን በድንኳን መሳል ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ600 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። የተሳለው ቶሎ ቶሎ ወደ ፋይል እየተቀየረ በእጅ በሚያዘው ጋርሚን የተባለ ጂፒኤስ ላይ ይጫን ነበር። ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ የሄደው የነፍስ አድን ቡድን ይህን ካርታ በጋርሚኑ ጭኖ ከተጠቀሙት አንዱ ነው። ኔትወርክ ወድቋል፤ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚከፈት ካርታ ምን ሊጠቅማቸው? በኪሳቸው የያዙት ግን ትናንት ማታ ሌላ አገር ያለ ሰው የሳለው መንገድ ነው፣ ያለ ኔትወርክም ይከፈታል።

አሁን የኔን ልብ የነካው ክፍል። ፎቶ ስም የለውም። ከላይ ሲታይ ጣሪያ ይታያል፣ መንገድ ይታያል፤ ያ ሠፈር ማን እንደሚባል ግን ሳተላይት አያውቅም። ሄይቲዎቹ በፍርስራሽ ሥር ሆነው፣ ወይም ሜዳ ላይ ድንኳን ጥለው፣ 4636 በሚባል ነፃ ቁጥር አጭር መልእክት ይልኩ ነበር። የሚጽፉት በክሬዮል ነው፤ ከውጭ የመጣው ነፍስ አድን ክሬዮል አያውቅም። አድራሻቸው ደግሞ እንደ እኛ አገር አድራሻ ነው። እኛ አገር ቤት «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጎን» እንደምንለው፣ እነሱም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት እያሉ ነው የሚጽፉት። ሱቁ ወድቋል። ማን ይረዳቸዋል?

በስደት ያሉ ሄይቲዎች ረዷቸው። በሞንትሪያል፣ በኒውዮርክ፣ በቦስተንና በሌሎች ብዙ አገሮች ያሉ ክሬዮል ተናጋሪዎች፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች ማለት ነው፣ መልእክቶቹን በኢንተርኔት እየተቀበሉ ይተረጉሙ፣ ቦታውንም በካርታ ላይ ያመለክቱ ነበር። መልእክቶቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ያን ሱቅ የሚያውቁት በልጅነታቸው ዳቦ ተልከው ሄደውበት ነው። ሳተላይቱ ያላየውን እነሱ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሆነው ያዩታል። እኛ ብዙ ጊዜ «አገሬ ምን አደርግላታለሁ፣ እጄ የሰው ቤት ታስሮ» እንላለን። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የተወለድኩበትን ሠፈር ቁልቁለት፣ የጎረቤቶቻችንን በር፣ ምንጩን በዓይኔ እያየሁ መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል።

የዚህ ሥራ ጥፋትም ነበረው፤ አልደብቅም። የመልእክቶቹ አንዳንዱ ከነ ስሙና ከነ ቦታው ማንም ሊያየው በሚችል ካርታ ላይ ወጥቷል። የላኩት ሰዎች ግን እንዲህ ለሁሉም ይታያል ብለው አይደለም የላኩት። በኋላ ብዙ ተወቅሶበታል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሄይቲ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ድንኳን ተክሎ ያክማል፤ ግን በሽታው ከየት ሠፈር እየመጣ እንደሆነ ለማወቅ ተቸገረ። በሽተኛው የሠፈሩን ስም ይናገራል፣ ስሙ በካርታው ላይ የለም። ስለዚህ የአገሩ ልጆች ጂፒኤስ ይዘው ሠፈር ለሠፈር እየዞሩ «ይህ ማን ይባላል?» እያሉ መዘገቡ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1854 ለንደን ሶሆ ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲፈጅ ዶክተር ጆን ስኖው የሞተውን ሰው ሁሉ በየቤቱ እየቆጠረ ወረቀት ካርታ ላይ ምልክት አደረገ፤ ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት ያለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ስኖው ሐኪም ነው፤ ግን የሠፈሩን ሰው በስም የሚያውቅ ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል ቄስም በሥራው ውስጥ ነበረበት። በሩን የሚያንኳኳው ሰው ያስፈልጋል፤ ያኔም አሁንም።

ከሄይቲው ሥራ የተረፈው ትምህርት አንድ ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ ካርታ መሳል ዘግይቶ መድረስ ነው። በኖቬምበር 2014 የአሜሪካና የእንግሊዝ ቀይ መስቀል፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ከሄይቲ በኋላ የተቋቋመው የኦፕንስትሪትማፕ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ሆነው «ሚሲንግ ማፕስ» የተባለ ሥራ ጀመሩ፤ የጎደሉ ካርታዎች ማለት ነው። ያን ዓመት ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን እየፈጀ ነበር። በሽታው በጊኒ ጌኬዱ በሚባለው አካባቢ ሲነሳ ካርታው ባዶ ነበር። ለኢቦላ ደግሞ በሽተኛውን የነካ ሰው ሁሉ 21 ቀን በየቀኑ መታየት አለበት። መንደሩን ሳታውቂ እንዴት ሄደሽ ታዪዋለሽ? ተመሳሳይ ስም ያላቸው መንደሮች አሉ፤ አንዱ ስም እንደሚናገረው ሰው ቋንቋም ይለያያል። ወረርሽኙ እስኪቆም ከ11 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ድንበር ዙሪያ ያሉትን መንደሮች ለመመዝገብ የአገሩን በጎ ፈቃደኞች በሞተር ሳይክል አሰማራ። ኢንተርኔት ወደሌለበት ነው የሚሄዱት። ታዲያ የሰበሰቡትን እዚያው ማየት ካልቻሉ ምን እንደጎደለ እንዴት ያውቃሉ? ሦስት ቀን ተጉዘሽ፣ ከተማ ተመልሰሽ፣ ዳታ ስታገኚ «አንድ መንደር ዘለሻል» ብትባዪ ምን ይሰማሻል?

ለዚህ ፖዝም የሚባል ትንሽ ሣጥን ሠሩ። በቦርሳ የሚያዝ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱን ዋይፋይ ይሰጣል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም። በውስጡ የአካባቢው ካርታ ተጭኗል። በጎ ፈቃደኞቹ ቀን በስልካቸው ቅጽ ላይ ይሞላሉ፤ ስልኩ ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፣ ያስቀምጣል። ማታ ሲሰበሰቡ ስልካቸውን ከሣጥኑ ዋይፋይ ጋር ያገናኙታል፤ የእያንዳንዱ ሥራ ወደ ሣጥኑ ይገባል፣ ከዚያ ሁሉም የቀኑን ካርታ በአንድ ላይ ያያል። ማን የትኛውን መንደር እንዳዳረሰ፣ የትኛው የውሃ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ እንደተመዘገበ፣ ነገ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው እዚያው ጫካ ውስጥ ሆነው ይታያቸዋል። ከተማ ሲመለሱ ሣጥኑ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ሥራውን ወደ ዋናው የዓለም ካርታ ይልካል። ችግሩ እነሱ ጫካ በነበሩበት ጊዜ ሌላ አገር ያለ ሰው ያንኑ መንደር ነካክቶት ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ይጽና? ለዚህም ሁለቱን አስተያይቶ የሚያስታርቅ አሠራር ማበጀት ነበረባቸው። እኔ ብጠየቅ ቦታው ላይ የቆመው ይጽና እላለሁ።

ስልክ ለሌለውም ዘዴ አለ፤ ከዚህ ሁሉ የወደድኩትም ይኼኛውን ነው። ካርታው ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ጥግ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት አለው። ሴትየዋ ወረቀቱን ይዛ ትዞራለች፣ በእስክሪብቶ «እዚህ ትምህርት ቤት አለ፣ ይህ ድልድይ ፈርሷል» ብላ ትጽፋለች። ወረቀቱ ፎቶ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ከጥጉ ምልክት የትኛው ሠፈር እንደሆነ ያውቅና የእጅ ጽሑፏን በካርታው ላይ ትክክለኛ ቦታው ያስቀምጠዋል። ይህ ሐሳብ በ2009 በ«ዎኪንግ ፔፐርስ» ስም የተጀመረ ነው። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

ካርታው አስቀድሞ ሲኖር ምን እንደሚለይ ኔፓል ላይ ታይቷል። ኤፕሪል 25 ቀን 2015 የ7.8 የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ካትማንዱ ሊቪንግ ላብስ የተባሉ የአገሩ ወጣቶች ግን ከዓመታት በፊት ጀምረው የሸለቆውን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እየዞሩ መዝግበው ነበር። በሄይቲ ባዶ የነበረው በካትማንዱ ሙሉ ሆኖ ጠበቃቸው። የቀረው ተራራው ነው፤ እሱንም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ ሳሉት፣ ለስልክና ለጋርሚን የሚወርደው ፋይልም ቶሎ ቶሎ ይታደስ ነበር። ከእኛ ጋር በዚህ አካባቢ ሰው ቤት የሚሠሩ ኔፓላውያት ብዙ ናቸውና ስታገኟቸው ጠይቋቸው።

ወደ ሊባኖስ ልመለስ። ከወደቡ ፍንዳታ በኋላ የሊባኖስ ቀይ መስቀል በተጎዱት ሠፈሮች ቤት ለቤት እየዞረ የሰዉን ፍላጎት መዝግቧል። ሌሎችም ብዙ ወጣቶች ስልክ ይዘው ይዞሩ ነበር። እኛ ቤትም ሁለት ልጆች መጡ፤ ከየትኛው ድርጅት እንደሆኑ አልጠየቅኩም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልስ የሰጠችው ማዳሜ ናት። «ስንት ሰው ይኖራል?» ሲሏት «አራት» አለች። ልጁ በስልኩ አራት ብሎ ጻፈ። ትሪ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አምስት ነን። ክፋት አልነበረባትም፣ አስባውም አይመስለኝም። ግን ሌላ ፍንዳታ መጥቶ ቤቱ ቢወድቅ ያ ስልክ ከፍርስራሹ የሚፈልገው አራት ሰው ነው።

በ2024 ሌላ ነገር ተማርን። ሳተላይቱ ከሩቅ ስለሆነ ድምፁ ደካማ ነው፤ መሬት ላይ ሆኖ የበለጠ የጮኸ ይሸፍነዋል፣ የውሸት ምልክት የላከም ያታልለዋል። በጦርነቱ ምክንያት ቤይሩት ውስጥ ያለ ስልክ ባለቤቱን ኤርፖርት ላይ ነሽ ይል ነበር። ታክሲ ነጂዎች ግራ ገባቸው፤ የሊባኖስ መንግሥትም በማርች 2024 ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት ለማቅረብ ወስኗል። የኔም ነጥብ አንድ ቀን ከቤታችን ተነስታ ኤርፖርት ሄዳ አገኘኋት። ቲኬት የቆረጠችልኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ያን ቀን የጠቀመኝ ነጥቧ አይደለችም፤ ካርታው ላይ ያለው ስም ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አየሁ፣ ቀና ብዬ ደወሉን አየሁ፣ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ አየሁ፣ ያለሁበትን በጣቴ አገኘሁት። ያን ስም የጻፈው በዚያ መንገድ በእግሩ ያለፈ ሰው መሆን አለበት።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ነገር ደግሞ ይኼ ነው። ከመካከላችን ኢቃማ የሌላቸው፣ ከአሠሪ ቤት የወጡ አሉ። «ሎኬሽን ላኪ» ሲባሉ ይፈራሉ፤ ልክ ናቸው። ሎኬሽን አንዴ ከተላከ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ሄይቲዎቹም ለነፍስ አድን ብለው የላኩት ዓለም ፊት ወጥቷል። የወረደ ካርታ ከዚህ ይለያል። ዳታና ዋይፋይ ዘግተሽ ስታዪው ያየሽውን ለማንም ሊልክ አይችልም። ኦርጋኒክ ማፕስም ሆነ ኦስምአንድ ከዚሁ ከኦፕንስትሪትማፕ የተሠሩ ናቸው፣ በነፃ ይወርዳሉ፤ የሊባኖስን ካርታ ዋይፋይ ባለበት አንድ ቀን ማውረድ ነው። የምትሠሪበትን ቤት ጣትሽን ጫን አድርገሽ ምልክት ታደርጊበታለሽ፤ ስም ትሰጪዋለሽ፤ ምልክቱ አንቺ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሰው ካስፈለገሽ ለማን እንደምትናገሪ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። የመንገዱንና የሕንፃውን ስም ግን ወረቀት ላይም ጻፊው፤ ስልክ ይቀማል፣ ባትሪም ያልቃል።

ባለፈው እሁድ ከጓደኛዬ ጋር ወደ አሽራፊዬ ሄድን። እሷ ያን ቤት ከለቀቀች ቆይታለች። የእጇ ጠባሳ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ይሄዳል። ስልኬን ዳታውን ዘግቼ ያዝኩ፤ እሷ ደግሞ ቀድማ ሄደች፣ አሁን መንገዱን ታውቀዋለች። ፋርማሲው አዲስ ሰሌዳ ሰቅሏል። ካርታው ላይም ፋርማሲው አለ፤ አንድ ሰው ጽፎታል። ሕንፃው ግን ስም የለውም፣ ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። በሩን የሰበረው ናጡር አሁንም እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እሷን ሲያይ ብድግ አለ፤ እጇን ይዞ አገላብጦ አየው። ሻይ ካልጠጣችሁ አትሄዱም አለ። ሻዩን እየጠጣን «ይህ ሕንፃ ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀችው። የድሮ ባለቤቱን ስም ነገራት። አልያዘላትም መሰለኝ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ከዚያ ስልኬን ተቀብላኝ በአማርኛ ጻፈችው።